የልቅሶው ነፍጥ

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ጩማ ግን ቸግሮት ነፍጥ ሊመርጥ ሄደ። በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት የበልጉ ዝናብ ቀርቶ፣ ከገሱባ ከተማ በታች ባለው አገር የስኳር ድንች ሐረግ ለዘር እንኳ ጠፍቶ ነበር። ጩማ ጉኑኖ ካሉ ዘመዶቹ ለምኖ አንድ ሸክም አምጥቶ ደጁ ላይ ተከለ። ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ነፍስ ዘራበት። ከዚያ ሌላ አራቱን ልጆቹን የሚያበላው አልነበረውም።

ዝንጀሮዎቹ ደግሞ በየማለዳው ከገደሉ እየወጡ ገና ሥር ያልያዘውን ይነቅሉታል። በድንጋይ ሲያባርራቸው ፈንጠር ብለው ተቀምጠው ያዩታል፤ ድንጋዩ የት እንደሚደርስ ከእሱ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ክላሽ የባለጊዜ ነው። ጩማ የቀረችውን አንዲት ጊደር እየጎተተ፣ ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ነፍጥ ከሚጠግኑት ከሽማግሌው ደገፉ ዘንድ ገሱባ ሄደ። ሽማግሌው ሁለት አወጡለት።

"አፍህን አፈሙዙ ላይ ግጠምና ንፋ" አሉት። "ትንፋሽህ በጎኑ ቀዳዳ ከወጣ ጤነኛ ነው።"

አጭሩ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ ነው፤ ትንፋሹ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለተኛዋ ረጅም፣ የነሐስ ቀለበት የደረደረች ናት። ጩማ አወቃት። አባቱ የሞተ ቀን የተተኮሰችው እሷ ነበረች፤ ሸለቆው ሁሉ ሰምቶ ነበር የመጣው።

"እሷን ተዋት፣ የልቅሶ ናት" አሉ ደገፉ። "እርሳስ ጎርሳ አታውቅም። አጭሩን ያዝ።"

"አባባ፣ ዝንጀሮ የሚፈራው ድምፅ አይደል? የእሷን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ?"

"እኮ!" አሉ ሽማግሌው።

ጩማ እንደ ምርቃት ቆጠረው። ጊደሯን አስረክቦ ረጅሟን ተሸክሞ ተመለሰ።

በማግስቱ ማለዳ ዝንጀሮዎቹ ሲመጡ ባሩዱን አጎረሳት፣ ጨርቅ ጠቀጠቀ፣ ተኮሰ። ምድር ተንቀጠቀጠች። ዝንጀሮዎቹ እየተረጋገጡ ገደል ገቡ። ፈጠነች የምትባለው ሚስቱ ከቤት ወጥታ ዝንጀሮ የሌለበትን ደጅ ስታይ ሳቀች፤ ጩማ ሳቋን ከሰማ ስንት ወሩ!

ወዲያው ከማዶ ኡኡታ ተሰማ። ከዚያ ከታች። ከዚያ ከየአቅጣጫው።

ጎረቤቱ ኤርካሎ ጦሩን ይዞ፣ ደረቱን እየደቃ፣ ከኋላው መንደሩን አስከትሎ እየሮጠ መጣ። ያቺ ነፍጥ ከጮኸች ሰው ሞቷል፤ ልቅሶ ደግሞ በዚያ አገር የሚለቀሰው ጦር ይዘው፣ የሟች ደጅ ላይ እየሮጡ፣ እየዘለሉ፣ እየዞሩ ነው።

"ማንም አልሞተም! ውጡልኝ!" ጩማ ጮኸ።

"ወይኔ ወንድሜን! አላምን አለ!" ብለው ባሰባቸው። ሁለት ሰዎች ራሱን እንዳይጎዳ ክንዱን ያዙት። ፈጠነች ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ የተረገጠውን ሐረግ በሁለት እጇ ሰብስባ ታለቅስ ጀመር። ሴቶቹ እንባዋን ሲያዩ ዙሪያዋን ከበው አብረው አለቀሱ። ከገሱባ መንገድ ሌላ ሰው ገና ይጎርፋል።

ጩማ መጮኹን ተወ። ምን ቀረውና ይጩህ?

ኤርካሎ ዙሩን ጨርሶ እያለከለከ አጠገቡ ቆመና አቀፈው። "አይዞህ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ማን ነው?"

"ስኳር ድንቹ" አለ ጩማ።

ኤርካሎ ቁልቁል አየ። አንድ እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ፤ የሚያሳርፍበት ግን አጣ።