የማነጻጸሪያ ደም

የሕፃኑ መስመር እንደማይነሳ ከማየቷ በፊትም ጠርጥራ ነበር። ያልጠረጠረችው የራሷን ነው።

ባልደረቦቿ «ጭምት» ይሏታል፤ ምድር ቀውጢ ብትሆን ድምፅዋ ከፍ አይልም። አሁንም ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች የማሽኑን ስክሪን አየች። ታች፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው መስመር የወንድሟ ልጅ ነው። ከእሱ በላይ፣ ሽቅብ ጀምሮ መንገድ ላይ የደከመው ደግሞ የእሷ። የጤነኛ ሰው መስመር እንዲህ ሲደክም አይታ አታውቅም።

ላቦራቶሪው አንድ ልማድ አለው፤ የበሽተኛ ደም ብቻውን ስለማይነበብ፣ ጠዋት ቀድሞ የገባ ሠራተኛ ለማነጻጸሪያ ክንዱን ይሰጣል። ዛሬ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነግቶባት ቀድማ የገባችው እሷ ነበረች። የሥጋ ዘመድ ማነጻጸሪያ እንደማይሆን ለስንቱ ተለማማጅ አስተምራለች፤ ጭንቀት አእምሮዋን ጋርዶት እጇ በልማድ ሄደ።

ሕፃኑን ከተወለደ ጀምሮ አንዱ በሽታ ሲለቀው ሌላው ይይዘዋል። መጀመሪያ ያዩት ሐኪሞች በሽታ ተከላካይ ሴሎቹን ቆጥረው ሙሉ ናቸው አሉ። ይህች «ሙሉ ናቸው» ለጭምት እናት በቂ ሆነች። ሴሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የአያያዝ ነው፤ ምራቴ ልጅ መያዝ አታውቅም፤ ለብርድ ትሰጠዋለች፤ እያሉ ለሰሚው ሁሉ አወሩ። ወንድሟም በሚስቱና በእናቱ መካከል ሆኖ አፉ ተሳሰረ። ምርመራው ዛሬም ደህና ነው ካለ፣ አያቲቱ ሕፃኑን ከእናቱ ነጥለው ወደ ቤታቸው ሊወስዱት ቆርጠዋል። ልብሱን እንኳ በሻንጣ ሸክፈው ነው የመጡት።

ጭምት ግን ቆጠራ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃለች። እያንዳንዱ ሴል ገላው ላይ ጥቃቅን በሮች አሉት። ሴሉ ጠላት ሲያገኝ በሮቹ ተከፍተው ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየም ሲገባ ነው ሴሉ ነቅቶ ለሥራ የሚነሳው። ሴሎቹን የነከረችበት ቀለም ካልሲየም ሲገባ ያበራል፤ መስመሩም የዚያ ብርሃን ነው። የሕፃኑ በሮች አይከፈቱም። ቤቱ ሙሉ ሰው አለ፣ የሚነሳ ግን የለም።

የእኔስ? አለች በልቧ። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናችና የግቢውን ጥበቃ ደም ለመነችው። ጥበቃው ቀልደኛ ነው፤ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ የእኔ ደም ቢመረመር ሻይ ብቻ ነው የሚገኝበት አላት። ሳቀችለት። ከሰዓት በኋላ የጥበቃው መስመር ሽቅብ ተወረወረ። ቀለሙ ምንም አልሆነም። የእሷ በሮች በግማሽ ነው የሚሠሩት፤ ለእሷ ግማሹ በቅቷት አልጋ ላይ የሚያስተኛት ሕመም ሳይገጥማት ኖራለች። ሕፃኑ ግን የተበላሸውን ከእናቱም ከአባቱም ወርሶ ምንም አልተረፈለትም።

የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ አየና፣ ምነው ዘመድ ከዘመድ ይነጻጸራል እንዴ፣ የአንቺን አውጪና የጥበቃውን አስገቢ አላት። ልክ ነበር። የእሷ መስመር ቢጠፋ ማንም አያውቅም፤ ውጤቱም አይለወጥም። እናቷን ግን ታውቃቸዋለች፤ ሐኪም «ከሁለቱም ወገን ነው» ቢላቸው በአንዱ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ይወጣል። የምራቴ ዘር ነው ይላሉ። ያቺ ምስኪን ልጇ ታሞባት፣ ቤቷም ይፈርሳል። የራሷን ውጤት ለእናቷ መንገርን ፈራች፤ እንደ ልጅነቷ ፈራች። ለሪፖርቱ የጥበቃውን አስገባች፤ የራሷን ግን ሳትደመስሰው ወጣች።

አያቲቱ ሕፃኑ ከተኛበት ክፍል ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻንጣውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ምራታቸው በሌላው ጫፍ ናት፤ መካከላቸው ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ሪፖርቱ የደረሰው ሐኪም ቀድሟት ነግሯቸው ኖሯል፤ በሽታው ከዘር የመጣ እንደሆነ፣ ሕፃኑ መቅኔ የሚሰጠው ሰው እንደሚፈለግለት፣ እስከዚያም ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ። ምራቲቱ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል።

«ከማን ወገን ነው?» አሉ አያቲቱ፣ ጭምት ስትደርስ።

«ከሁለቱም፣ እማዬ። የእኔንም ደም አየሁት። እኔም ላይ አለ።»

«አንቺ ላይ?»

«እኔ ላይ። ወንድሜም እንደኔው ነው። ከአንቺ ወይ ከአባባ ነው ያገኘነው።»

«ያው አባትሽ ይሆናል» አሉ ወዲያው።

አባትየው ከሞቱ ቆይተዋል፤ መልስ አይሰጡም። ጭምት ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። ምራቲቱ ቀና ብላ አማቷን አየች።

አያቲቱ የሻንጣውን ማንገቻ በጣታቸው አፍተለተሉ። ከዚያ ሻንጣውን በወንበሩ ላይ ወደ ምራታቸው ገፋ አደረጉት፤ ወደ እሷ ግን አላዩም። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ።

«በይ ቅጂኝ። ይታይ።»

ጭምት ዛሬ ማሽኑ ተዘግቷል፣ ነገ ጠዋት ይሻላል አለቻቸው። ቀጭኑ ክንዳቸው ጭናቸው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ፤ በኮሪደሩ ጫፍ ባለው መስኮት ነፋስ ይገባል።

«ይበርድዎታል፣ እማማ» አለች ምራቲቱ፤ «እጅጌዎን ያውርዱት።»