ቀስ ብሎ የዞረው ሸክላ

«ታዲያ ቁልፉን አምጪው!» አለ ሚስተር ዊንፊልድ እጁን ዘርግቶ።

«የመኪናዬን ቁልፍ?»

«የኩባንያውን መኪና ቁልፍ! አንቺ እኮ እንደ ገዛሽው ነው የምትነጂው።»

ቨርዴል ፔትዌይ ቦርሳዋን ከፈተችና ከማበጠሪያዋና ከተረፈው ሳንድዊቿ ሥር ቁልፉን ፈልጋ አወጣች። ሁለቱ ከቤተክርስቲያን ደጃፍ የጀመሩትን ንትርክ በመኪና ውስጥ ቀጥለውበት፣ አሁን ከሥሩ ትንንሽ ጎማ በተገጠመለት ጫማ የሚንሸራተቱበት አዳራሽ መግቢያ ላይ ደርሰዋል። ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ የእሑድ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር የመጣ ነው። ጭቅጭቁ ስለጣመው «እለፉልን» የሚል አልነበረም።

«ይኸው» አለች። «የሬዲዮው ቡከር ዛሬ ዘፈኑን ‹አጫውተዋለሁ› ካለ ቁልፌን ይመልሱልኛል። እምቢ ካለ ቤቴ በእግሬ እገባለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ይቅጠሩ።»

«ሰውዬው ስንት ጊዜ እምቢ ይበልሽ?»

«የምጋግርለትን ኬክ ግን አንድ ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። ሚስተር ዊንፊልድ ቁልፉን ኮት ኪሱ ከተተና ላዩን መታ መታ አደረገው።

ቨርዴል የአንድ ሸክላ አሳታሚ ኩባንያ የማስተዋወቅ ሥራ ኃላፊ ናት። ከዲትሮይት ቶሌዶ፣ ከቶሌዶ ክሊቭላንድ እየነዳች የሬዲዮ ሰዎችን አዲስ ሸክላ እንዲያጫውቱ ታግባባለች። ሬዲዮ ያላጫወተውን ዘፈን ገዢ አያውቀውም፤ በዲትሮይት ጥቁሮች ዘንድ ደግሞ ሬዲዮ ማለት ቡከር ነው። እሱ የመረጠውን ዘፈን ማክሰኞ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ያንጎራጉረዋል። ዜልማ የምትባለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የዘፈነችውን «እኔም መጣሁ»ን ግን አልወደደውም። ቨርዴል የጋገረችለትን የስኳር ድንች ኬክ እየበላ፣ «እህቴ፣ የእኔ አድማጭ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲገጥም ያደረ ነው። ይቺ ልጅ አውቶቡስ እንዳመለጣት ሰው ነው የምትዘፍነው» ብሎ ሸክላውን መለሰላት። ይህን የሰማው አለቃዋ ሚስተር ዊንፊልድ ዘፈኑን ሊያስቀር ከኒውዮርክ መጣ።

ቨርዴል ግን ቡከር እሑድ እሑድ ከባለቤቱ ከኔዲን ጋር እንደሚንሸራተት ታውቃለች። ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይኮራል፤ እግሩ ላይ ጎማ ሲታሰር ግን የሙዚቃው አሽከር ነው።

በረኛዋ ባለጎማ ጫማ ያላደረገ አላስገባም ስላለች ሚስተር ዊንፊልድ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አስረክቦ ገባ። ገብቶም የዳር አጥሩን እንደ ዘመድ አቀፈው። ከአጠገቡ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ያንኑ አጥር ያቀፈችው ዜልማ ናት።

«አንቺም አትችይም?» አላት።

«እኔ ዘፋኝ ነኝ ጌታዬ።»

በመስታወት ክፍሉ ውስጥ ሸክላ የሚያጫውቱት ሽማግሌው ሉሽየስ ናቸው። ከቀትር ጀምሮ ቀስ ብለው የሚዞሩትን ትልልቆቹን ሸክላዎች ሲያጫውቱ ከቆዩ በኋላ፣ ቨርዴል የዜልማ ዘፈን ያለባትን ትንሿን ሸክላ አቀበለቻቸው። ትንሿ ፈጠን ብላ መዞር ነበረባት። እሳቸው የተጠበሰ ዓሣ በአንድ እጃቸው ይዘው ስለነበር የፍጥነት ማዞሪያውን መቀየር ረሱ፤ ትንሿም እንደ ትልልቆቹ ቀስ ብላ ዞረች።

ከበሮው ከእሑድ ምሳ በኋላ ከሶፋ እንደሚነሣ ሰው ተንጠራርቶ ተነሣ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ወፍራም፣ ጎርናና፣ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ። «እኔም… መጣሁ…»

ዜልማ ጮኸች። «አባቴን ማን አስዘፈነው?»

ቨርዴል ልታስቆማቸው ወደ መስታወቱ ክፍል ከነፈች። መክነፉን እንጂ መቆሙን አልተማረችም ነበርና የቆሻሻ በርሜል አቅፋ ቆመች። ቀና ስትል አዳራሹን አየች። ሕዝቡ ጥንድ ጥንድ ሆኗል። ወንዶቹ ጉልበታቸውን ሸብረክ፣ ሴቶቹ ወገባቸውን ሰበር አድርገው፣ ሁሉም ባንድ ላይ እንደ ማር ይፈስሳሉ። ሉሽየስ ስህተታቸው ገብቷቸው እጃቸውን ወደ ማዞሪያው ሲሰዱ፣ ከበርሜሉ ላይ ሆና፣ «እንዳይነኩት!» አለች።

ቡከር ኔዲንን ይዞ በጀርባው እየተንሸራተተ መጣ። ዓይኑ ግማሹ ተጨፍኗል።

«ቨርዴል! ይሄ ሰውዬ ማነው? ስሙን ንገሪኝ!»

አጥሩን ተደግፎ እየተንፏቀቀ የደረሰው ሚስተር ዊንፊልድ በጆሮዋ፣ «ስም ፍጠሪ! ማንንም በይው!» አላት።

ስም አላጣችም፤ አፏ ላይ ሁለት ሦስት መጥቶላት ነበር። ነገር ግን ቡከር ዛሬ ቢያምናት ነገ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ኬክም አያስገባትም። ደግሞም ሳቋ እየገፋት ነበር።

«ሰውዬው እዚያ ቆማለች» አለችና ወደ ቢጫው ቀሚስ ጠቆመች። «ሉሽየስ ማዞሪያውን ረስተው ነው። መልሰህ የሰጠኸኝ ሸክላ ነው።»

ቡከር ዜልማን አየ። ሚስተር ዊንፊልድ ቁልፉ ያለበትን ኪስ ዳሰሰ።

«ያቺ አውቶቡስ ያመለጣት ልጅ?»

«ዛሬ ደርሳበታለች።»

ቡከር ሳቀ። ሲስቅ እግሩ ከዳው፤ ሲወድቅ ኔዲንን ይዟት ወረደ። ወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ «ነገ ማታ እንዲህ ቀስ አድርጌ፣ ጠዋት ሰው ለፈረቃ ሲሮጥ ደግሞ በራሷ ፍጥነት አጫውታታለሁ!» አለ።

«እሺ ነው ማለት ነው?»

«እሺ ነው! አሁን አንሡኝ!»

«መጀመሪያ እኔን!» አለች ኔዲን ከሥሩ።

ሚስተር ዊንፊልድ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ፣ በቤተክርስቲያኑ እንደ እናት የሚከበሩ አሮጊት፣ እማማ ፐርሊን፣ በጎማቸው ሽው ብለው መጡና እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ኒውዮርክ ሰው እንዲህ ቆሞ ነው የሚያረጀው?»

«አልችልም እማማ!»

«ማን ጠየቀህ? ይልቅ ኮትህን አውልቅ!»

ኮቱን አጥሩ ላይ አንጠልጥሎ ተጎተተላቸው። ሉሽየስ ሸክላዋን ደገሟት፤ ሲያልቅ ሕዝቡ ጮኸባቸውና ሠለሷት። አሁን ሁሉም፣ ዜልማም ጭምር፣ በተቻለው መጠን ድምፁን አጎርንኖ፣ «እኔም… መጣሁ…» ይላል። ቡከር ዜልማን በአንድ እጇ፣ ኔዲን በሌላው ይዘዋታል። ሚስተር ዊንፊልድ ዓይኑን ጨፍኖ በእማማ ፐርሊን ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል።

ቨርዴል አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የጎማውን ጫማ ፈታች፤ ለበረኛዋ መልሳ የራሷን አደረገች። አጥሩ ጋ ሄዳ ከኮቱ ኪስ ቁልፉን አወጣች፤ ኮቱንም እንዳይጨማደድ አስተካክላ አንጠለጠለችው። የተረፉትን ሸክላዎች ካርቶን በጎኗ ታቅፋ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ውጭ ፀሐዩ ገና አልበረደም።

ካርቶኑን ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ ከበሮው እንደገና ሲንጠራራ፣ መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ወደ ቶሌዶ ታጠፈች።