ከሁለቱ ሳንቲሞች አንዱ

ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሲሞት የተወልን ሰባት የብር ሳንቲሞችና አንድ ቃል ነው። «ልጄ ከቤት ስትወጣ ትውሰዳቸው፤ እስከዚያ ድረስ እንዳሉ ይቀመጡ» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ልጃችን ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዝ ነበር።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞላት። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሰኞ ጠዋት ልትሄድ ነው። ሐሙስ ዕለት እሷ ጫማ ልትገዛ ስትወጣ ጠብቄ፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ገፋ አድርጌ፣ ከጀርባው የሸሸግኩትን ጥቅል አወጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። ፎጣውን ፈታሁ። ከፎጣው ሥር ያለውን ፌስታል ፈታሁ። ከሱ ሥር ያለውን ሌላ ፌስታል ፈታሁ። መጨረሻ ላይ ኪስ ኪስ ያለው ፕላስቲክ ወጣ። ሳንቲሞቹ በየኪሳቸው አሉ፤ አንድም አልጎደለም። ግን አረንጓዴ ሆነዋል።

ዓይኔ ነው ብዬ ወደ መስኮቱ ወሰድኳቸው። ዓይኔ አልነበረም። ፕላስቲኩ እንደ ዘይት ያለ የሚያጣብቅ ወዝ አውጥቶ ብሩ ላይ ለጥፎበታል። አንዱን ልጎትት ብል ከኪሱ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው የሚመልስ ጉልበት እንኳ አጣሁ።

እሱ በሕይወት እያለ የሳንቲሞቹ ቤት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። እያንዳንዱ በትንሽ ቡናማ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ለብቻው ይተኛል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን፣ እርጥበት የሚመጠውን ትንሽ ከረጢት እየለመነ ያመጣና መሀላቸው ይጥላል። ጫማ ሻጩ «ሰው ጫማ ይገዛል፣ አንተ የጫማ ቅመም!» እያለ ይስቅበት ነበር። ሳንቲም ሲያወጣ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ይይዛል። ፊቱን ፈጽሞ አይነካም። በየፖስታው ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ የሆነ ነገር ይጽፋል። ለእኔ ያን ጊዜ ጽሑፍ ማለት የጉንዳን መንገድ ነበር። ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አላውቅም።

እሱ ካረፈ በኋላ ጭንቀት ያዘኝ። ሳንቲሞቹ አደራ ናቸው፤ አደራ ደግሞ እንቅልፍ አያስተኛም። በየእሑዱ ቆርቆሮውን እከፍታለሁ፤ ሰባቱንም ፖስታ አንድ በአንድ እየፈታሁ አያለሁ። ጎረቤቴ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ አየችኝና «አንቺ ሴትዮ፣ ብትታቀፊያቸውም ጫጩት አይፈለፍሉልሽም!» አለችኝ። ሳቅን። ግን ፖስታዎቹ ከመከፈት ብዛት እየሳሱ፣ እየተቀደዱ ሄዱ።

አንድ ቀን ታዲያ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያን ባለኪስ ፕላስቲክ አየሁ። ከውጭ ሁሉም ነገር ይታያል። ለማያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ፖስታ መፍታት ቀረልኝ፣ ሳንቲሞቹ ተመቻቸው፣ እኔም አረፍኩ ብዬ ሰባቱንም በአንድ ከሰዓት አዛወርኳቸው። ባዶዎቹን ፖስታዎች ደራርቤ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። የእሱ እጅ ያረፈበትን ወረቀት እንዴት እጥላለሁ? ግን ፖስታና ሳንቲም ባልና ሚስት መሆናቸውን፣ የትኛው የማን እንደሆነ መያዝ እንዳለብኝ አላሰብኩም። በኋላ ላይ ከእኛ በታች ያለው ቤት ሲዘረፍ ደግሞ ጠቀለልኩት፤ አየር እንዳያገኘው ብዬ ደጋግሜ ጠቀለልኩትና ሸሸግኩት።

ማንበብ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ካሉ እናቶች ጋር። አስተማሪያችን ቤት ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ ትለናለች። የዘይት ጠርሙስ አነበብኩ። የመድኃኒት ካርቶን አነበብኩ። የአውቶቡስ ጎን አነበብኩ። ያን የብስኩት ቆርቆሮ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንደ መቃብር ቆጥሬው ሳልከፍተው ቀረሁ።

ያን ሐሙስ ከፈትኩት። ክዳኑ ውስጥ፣ ሁልጊዜ የማየው ወረቀት ተለጥፏል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

«ፊታቸው በእጅ አይነካ። አይወልወሉ። ፕላስቲክ ውስጥ አይቀመጡ።»

ደግሜ አነበብኩት። ተሳስቼ እንዲሆን ለመንኩ። አልተሳሳትኩም።

አርብ ጠዋት ፕላስቲኩን ይዤ አንጥረኛው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ የሚሠራበት ክፍል ከአንድ አልጋ አይበልጥም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ አገኘሁት።

«ግንባርዎ ላይ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። እንግዳ ይንገረኝ ብዬ ነው» አለና አወረደው። ፕላስቲኩን ሲያይ ግን ቀልዱ ጠፋ። «ይኼን ማን አደረገው?»

«እኔ።»

ፕላስቲኩን በመቀስ ከፈተው። ከጠርሙስ የሚሸት ፈሳሽ በብርጭቆ ሳህን ቀድቶ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ነከራቸው። አረንጓዴው ወዝ እየለቀቀ ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲል አንዱን በማጉያ አሳየኝ። ወዙ በነበረበት ቦታ ብሩ ተበልቷል፤ በመርፌ እንደተወጋ ተበሳስቷል።

«ይኼ አይመለስም?»

«አይመለስም።»

«ቢወለወልስ? እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ልወለውለው እችላለሁ። እጄ ጠንካራ ነው።»

«እሱን ነው የምፈራው» አለ። «ልጄ፣ ስሚኝ። ብወለውለው የተረፈውንም ፊት ላጭቼ እሰጥሻለሁ። ይኼ ጥቁረት ደግሞ እድፍ አይደለም፤ ዕድሜው ነው። የሽማግሌ ፊት በአሸዋ ተፈትጎ ወጣት ሲሆን አይተሻል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ወረቀት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጪና እጅሽን ሰብስቢ። ከእንግዲህ ያለው ሥራ አለመንካት ነው።»

ቀላል ይመስላል። ልጄ ስታስነጥስ ግንባሯን የምነካ፣ ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ያጠፍኩ ሰው፣ እንዴት ነው እጄን የምሰበስበው? ልወጣ ስል ሁለቱን የሚመሳሰሉ ሳንቲሞች አንስቼ ጠየቅኩት። ሁለቱም ላይ የስንዴ ዛላ የያዘች ሴት አለች።

«አባባ፣ እነዚህን መለየት ይቻላል? የትኛው ቀድሞ እንደመጣ፣ ከማን እንደመጣ?»

ገለባበጣቸው። «አንድ ዓመት፣ አንድ ክብደት። ሳንቲም አፍ የለው፣ ልጄ።»

ይህን የጠየቅኩት ሐሙስ ማታ ፖስታዎቹን ስላነበብኩ ነው። አምስቱን ከሳንቲሞቻቸው ጋር ማገናኘት ችያለሁ፤ አንዱ ላይ መርከብ ያለበት፣ ሌላው ላይ ፈረስ ያለበት እያለ ጽፏልና። የሁለቱ ፖስታዎች ግን ሁለቱም «የስንዴ ዛላ የያዘች ሴት» ነው የሚሉት። በአንደኛው ላይ እንዲህ ይላል፤ «ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛሁት።» በሌላኛው ላይ፤ «ልጄ በተወለደች ማለዳ አዋላጇ የሰጠችኝ። የግድግዳ ሰዓቷን በነጻ ስለሠራሁላት። ለልጅህ አስቀምጥላት አለችኝ።»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልጄን ጠራኋት። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፌ ሰባቱን ደርድሬያለሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፕላስቲኩን፣ መደበቁን፣ አንጥረኛውን። እየነገርኳት አንጥረኛው እንዳለኝ እጄን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ ነበር።

«እማ፣ እንደ ወንጀለኛ አትቀመጪ እንጂ» አለች እየሳቀች። «ሳንቲም ነው። ሰው አልገደልሽም።»

ከዚያ ፖስታዎቹን ማንበብ ጀመረች። እሷ ፈጣን ናት፤ እኔ አንድ መስመር ሳልጨርስ እሷ ሦስቱን ጨርሳለች። የአዋላጇ ፖስታ ላይ ስትደርስ ግን ዘገየች። እንደ እኔ ዘገየች። ሳቋም ቀረ።

«የትኛው ነው?» አለች።

ሁለቱ ሳንቲሞች ፊቷ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንደኛው ብዙም አልተጎዳም፤ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የተነካው። የሁለተኛው ግን የሴትየዋ ፊት ተበልቶ አፍንጫና አፏ አይለይም። ንጹሑን አንስቼ «ይኼ ነው የኔ እናት» ብላት ማን ያውቃል? ብቸኛው ምስክር አፈር ውስጥ ነው። ልጄ ሰኞ ደስ ብሏት ትሄዳለች። እኔም አንድ ነገር እንኳ አስተካክዬ እሸኛታለሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

«አባዬ አላሳየሽም? ያን ቀን?»

«አሳይቶኛል። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ፣ ተመልከቺ ብሎ አሳይቶኛል። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት አንቺን ብቻ ነው።»

ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው። ጣቷን ወደ አንዱ ሰደደች፤ መለሰችው። ወደ ሌላው ሰደደች፤ መለሰችው።

«አባዬ ቢኖር ያውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ልትጎዳኝ ብላ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እውነቱን ነው የተናገረችው። ተነስታ ክፍሏ ገባች። መሳቢያዋ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኝ ነበር። ሄጄ ላቅፋት ፈለግኩ። የተበላውን ሳንቲም በቀሚሴ ጫፍ ልወለውለው ፈለግኩ። አንዱንም አላደረግኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከባድ ነው።

አሮጌዎቹ ፖስታዎች ሳስተው ስለነበር ከአንጥረኛው ሠፈር ሰባት አዳዲስ ገዝቼ ነበር። ልጄ እስክትመለስ የእሱን ጽሑፍ በየአዲሱ ላይ ገለበጥኩ። አምስቱ ፖስታዎች ቀለሉኝ። ሁለቱ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ጻፍኩ። ፊደሎቼ ትልልቅ ናቸው፤ መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል።

«ከሁለቱ አንዱ አንቺ በተወለድሽ ማለዳ አዋላጅሽ የሰጠችው ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እናትሽ።»

ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮውን ሻንጣዋ ውስጥ ልብስ መሀል ስታስቀምጥ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ክዳኑን ከፈት አድርጋ ሁለቱን ፖስታዎች አነበበች። አንዱን፤ ከዚያም ያው መሆኑን እያወቀች ሌላውን። ከዚያ ክዳኑን ገጠመች።

«እርጥበት እንዳያገኘው» አልኩ።

«እሺ እማ።»

«ፊቱን በእጅሽ እንዳትነኪ። ስትይዢው በጠርዙ...»

«እማ። ክዳኑ ላይ ተጽፏል።»

«አውቃለሁ» አልኩ። «አንብቤዋለሁ።»

ሻንጣውን ዘጋች። ዚፑ መሀል ላይ ያዘ። ልረዳት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። እሷው ታግላ ዘጋችው።