ያልታዘዘው ጣዕም

ስልኩ የጮኸው የፈላው ስኳር ልክ ወርቃማ መልክ ሲይዝ ነበር። ባለከረሜላዋ ማማሰያውን ሳትለቅ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሸጎጠችው።

«ኬኩ ደረሰልሽ?» አለች ቀድማ።

«መንገድ ላይ ነኝ ብሎ ሞተረኛው ደውሎልኛል» አለች የጥርስ ሐኪሟ። ጥርስ የምትነቅል ሴት ለልጇ ልደት ኬክና ከረሜላ ማዘዟ ሁለቱንም ሲያስቃቸው ነበር የሰነበተው። አሁን ግን ድምጿ ውስጥ ሳቅ የለም። «ስሚኝማ፣ ኦቾሎኒ የለበትም አይደል? ከልጄ ጓደኞች አንዷ አይስማማትም። ባለፈው ጉሮሮዋ አብጦ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እናቷ ገና አሁን ነው የነገረችኝ።»

«ኧረ የለበትም! ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ክሬም፤ በቃ። ሐሳብ አይግባሽ።»

ስልኩን ዘጋችና የፈላውን ስኳር ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ገለበጠችው። ከኋላዋ ዕቃ ሲያጥቡ የነበሩት አማቷ ውሃውን ዘጉ።

«ማን ናት የማይስማማት?»

«አንዲት ሕፃን ናት። ኦቾሎኒ ያማታል አሉ።»

አማቷ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። «ጠዋት ገላሽን ስትታጠቢ ክሬሙን ብቀምሰው ባዶ ባዶ አለኝ። ከዚያች ብልቃጥ የኦቾሎኒ ቅቤ ትንሽ ጣል አደረግሁበት። ከላይ አይደለም፣ መሃል መሃሉን ነው። እንዲጣፍጥልሽ ብዬ ነው እኮ፣ ልጄ።»

ባለከረሜላዋ ስልኳን አነሳች። ምድጃውን አጠፋችና ለሞተረኛው ደወለች። ሰፈርተኛው በቀርፋፋነቱ «ጥይት» እያለ የሚቀልድበት ሰው ነው። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። ለሐኪሟ ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ኦቾሎኒ እንዳለበት ጽፋ ላከችላት። መልስ የለም። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ በቤት ጫማዋ ወጥታ ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገባች።

«እባክህ ቶሎ በልልኝ።»

«እህቴ፣ የምነዳው መኪና ነው፤ ሄሊኮፕተር አይደለም» አለ ሹፌሩ፣ ፊት ለፊታቸው የተደረደሩትን መኪኖች በአገጩ እያሳያት።

ለሐኪሟ እንደገና ደወለች። አሁን ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም። ሙዚቃ ከፍተው ይሆናል። መቀመጫው ላይ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ትላለች። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አማቷ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ሥራ ፈት እጅ አይወዱም። አንድ ቀን ጨው ይጨምራሉ፤ አንድ ቀን ሊጡን «ቀጠነ» ብለው ዱቄት ይነሰንሱበታል። ባሏ ደግሞ «ተያት፣ ትጫወትበት» ይላል። ስንቴ ልትናገር አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። «አሁን ያቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን፣ መዋጤ ምን ሊባል ነው?» አለች በሆዷ።

መኪኖቹ አልነቃነቅ ሲሉ ሒሳቧን ጥላ ወረደችና ሮጠች። አንዱን የቤት ጫማ አስፋልቱ ቢያስቀረውም አልተመለሰችም።

በሩ ላይ ፊኛ ታስሯል። ጥይት ሞተሩን ተደግፎ በወረቀት ሳህን ኬክ እየበላ ነበር።

«እትዬ! ዛሬስ አላሳፈርኩሽም፣ በጊዜ ነው ያደረስኩት!»

«ዛሬ ምን አስቸኮለህ!» ብላው አልፋው ገባች።

ሳሎኑ በልጆች ታጭቋል። ኬኩ ተቆርጧል፤ ሐኪሟ የመጨረሻዎቹን ሳህኖች እያደለች ነው።

«እንዳይበሉት! ኦቾሎኒ አለበት!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ ሽርጥ የለበሰች፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ ትንፋሿ የተቆራረጠ ሴት። ሶፋው ጥግ የተቀመጠች ባለ ሁለት ሹሩባ ልጅ ከኬኩ ላይ የስኳር አበባውን ነቅላ እየላሰች ነበር። ኬኩን ገና አልነካችውም። የሐኪሟ ዓይን ወዴት እንደሄደ ያየችው ባለከረሜላዋ ተወርውራ ሳህኑን ከልጅቷ እጅ ነጠቀቻት። ልጅቷ በድንጋጤ እሪ አለች። እናቷ አፈፍ አድርጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኬኩ ሳይደርስ ጠይቄሽ ነበር!»

«ጠይቀሽኛል። የለበትም ያልኩሽ እውነት መስሎኝ ነው።»

«ማነው ታዲያ የጨመረው?»

የአማቷ እርጥብ እጅ ትዝ አላት። «ከእኔ ኩሽና ነው የወጣው» አለች።

እናትየዋ የልጅቷን አፍና እጅ አጥባ ይዛት ተመለሰች። ከንፈሯን አዩ፣ ምላሷን አዩ፣ ትንፋሿን አዳመጡ፤ መድኃኒቷ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቁ። ባለከረሜላዋ ግድግዳውን ተደግፋ አብራቸው ጠበቀች። እብጠትም ሳልም አልመጣም። ልጅቷ ቆይታ «አበባዬስ?» ስትል እናቷ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ሌሎቹ እናቶች ከልጆቻቸው ኪስ ከረሜላውን አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ሲከምሩ ባለከረሜላዋ ቆማ አየች።

«ነገ ሌላ ኬክ ላምጣልሽ» አለች።

«ተይው። ሮጠሽ መምጣትሽን አልረሳውም፤ ግን ተይው» አለች ሐኪሟ፤ የራሷን ነጠላ ጫማም አውጥታ ሰጠቻት።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ ከሥራ ገብቶ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳል። ልጅቷ ደህና መሆኗን ነገረችውና ቀጥታ ኩሽና ገብታ የኦቾሎኒ ቅቤውን ብልቃጥ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ከመኝታ ክፍሉ የአማቷ ድምፅ መጣ።

«ልጅቷ ተርፋለች? ተመስገን! ሁለተኛ እዚያ ኩሽና ዝር ብል እጄ ይቆረጥ!»

ባሏ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ተያት። ስትመኚው የኖርሽው ይኼንኑ አይደል? ይኸው ኩሽናው ያንቺ ሆነልሽ።»

እውነቱን ነው፤ ስትመኘው ኖራለች። ትሪው ላይ ደርቆ የቀረውን ከረሜላ በቢላዋ ፈነቃቅላ አወጣች፤ ትሪውን አጠበች። ነገ ጡረታ ለምትወጣ መምህርት የመሸኛ ከረሜላ መሥራት አለባት፤ ብቻዋን ትወጣዋለች። ድስቱን አንስታ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው። «ቀጠነ» የሚላት ሰው የለም። «ወፈረ» የሚላትም የለም። ቁም ሳጥኑን ያለ ምክንያት ከፍታ ዘጋች። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ በር ሄደች።

«እማዬ!»

«አቤት» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ።

«ስኳሩ ሊያርብኝ ነው። ብቻዬን አልቻልኩም፣ ይምጡልኝ።»

«ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከዛሬ ጀምሮ ሳይነግሩኝ ምንም አይጨምሩም። ጨው እንኳ ቢሆን።»

አማቷ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። ቆይቶ አልጋው ሲጢጥ አለ፤ እግራቸው ወለሉ ላይ ጫማቸውን ሲፈልግ ተሰማ።

ምድጃው ላይ ምንም የተጣደ ነገር አልነበረም። ባለከረሜላዋ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ወደ ኩሽና ሮጠች፤ ድስቱን ጣደች፣ ስኳሩን ገለበጠችበትና እሳቱን ለኮሰች።