የእህቷ ባል ያነበበላት ፊልም

«የተማረ ይግደለኝ» ብሎ የጀመረው ሰው ቢታወቅ፣ ልብስ ተኳሿ ቤቱ ድረስ ሄዳ ታፋጥጠው ነበር። እሷም ለሃምሳ ሁለት ፈሪ እስክትሆን ያንኑ ስትል የኖረች ናት። ጨርቅ በጣቷ ዳስሳ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ትናገራለች፤ ትምህርት ቤቱን ግን ገና ፊደል መቁጠር ስትጀምር ነው የተወችው።

እናታቸው ትታላቸው ያለፈችው ቤት ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የታላቅ እህቷ፣ የኋለኛው የእሷ። የእህቷ ባል ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ አፈ ቅቤ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይለዋል። ትልቁ ቴሌቪዥን እሱ ዘንድ ስለሆነ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ጎረቤቱ እዚያ ይሰበሰባል።

የሚያዩት የእንግሊዞች የወንጀል ተከታታይ ፊልም ነው። ፀሐይ የማትወጣበት፣ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ለብሶ የሚያኮርፍበት፣ ከረግረግ ሬሳ ሲወጣ እንኳ «ሻይ ላፍላ?» የሚባባሉበት አገር። የንግግሩ ትርጉም በራሳችን ፊደል ከሥር ይሮጣል፤ ጋሼ ድምፁን እየለዋወጠ ማንበብ ለማትችለው ለሚስቱ እህት ያነብላታል። ልብስ ተኳሿ መርማሪዋን ትወዳታለች፤ ፀጉሯ ያልተበጠረ፣ ኮቷ የተጨማደደ ሴት ናት።

«ኮቷ ካውያዬ ሥር ቢገባልኝ!» ትላለች። «ችክ ማለቷ ግን የኔ ዘመድ ያደርጋታል።»

አንድ እሁድ ዝናቡ ጎረቤቱን ሁሉ አስቀረ። እህቷ ጓዳ ዕቃ ታጥባለች። ፊልሙ ላይ፣ ረግረጉ ውስጥ ሞታ የተገኘችው ዓይነ ስውር አሮጊት በሕይወት ሳለች የሆነው መታየት ጀመረ። የአሮጊቷ እህት ባል ወረቀት አቅርቦ፣ እስክሪብቶ አስይዞ፣ እጇን እየመራ ያስፈርማታል።

ጋሼ ማንበቡን አቋረጠ።

«ምን አላት?» አለች ልብስ ተኳሿ።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹የመድኃኒት ማዘዣ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ› አላት።»

ትንሽ ቆይቶ መርማሪዋ ያንኑ ወረቀት ሰውዬው ፊት ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ አነበበችለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሦስት ፖሊሶች ገብተው በካቴና ጠፈሩት።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

«መኪና በፍጥነት ነድቶ።»

«ለፍጥነት ሦስት ፖሊስ?»

«እንግሊዞች ናቸው እኮ! ሕግ ላይ ቀልድ አያውቁም።»

«ጋሼ፣ ሰውዬው መኪና የለውም። አራት ሳምንት ሙሉ በባቡር ነው የሚሄደው።»

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ብሎ ሳቀና ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። ልብስ ተኳሿ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ለፊልም ማን ይዋሻል? አምና ጋሼ አንድ ወረቀት አምጥቶ «የውሃ ቆጣሪው በሁለታችሁ ስም እንዲሆን ነው» ብሎ አንብቦላት፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክሮ አስፈርሟት ነበር። ቅጂውን ስትጠይቀው እየሳቀ ነው የሰጣት፤ ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል? ሰሞኑን ደግሞ የኋለኛውን ክፍል ግድግዳ በሜትር እየለካ «ለሱቅ ይበቃል» ሲል ሰምታዋለች።

ወረቀቱን ከሳጥኗ አውጥታ በማግስቱ በምትሠራበት ልብስ ንጽህና ቤት፣ የደንበኛ ስም ስትጽፍ ለምትውለው ልብስ ተቀባይ ሰጠቻት።

«‹ከእናቴ የወረስኩትን የኋለኛውን ክፍል ለእህቴ ባል በገዛ ፈቃዴ በስጦታ ሰጥቻለሁ› ነው የሚለው» አለች ተቀባይዋ። «እትዬ፣ ሰጥተሽዋል እንዴ?»

ካውያው ከሸሚዙ ላይ ሳይነሳ ቀረ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያቃጠለችው የመጀመሪያ ሸሚዝ ያ ነው።

«ክሰሺው በቃ!»

«እከሰዋለሁ። መጀመሪያ ግን በሰው ፊት ያነብልኛል።»

እሁድ ሳሎኑ ጢም አለ፤ አሥራ አንድ እንግዳ። ተቀባይዋም «ፊልሙን ወዳ ነው» ተብላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሊጀምር ሲል ልብስ ተኳሿ ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ የምን ወረቀት ነበረች? ረስቻት ነው፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

የጋሼ ዓይን ተርገበገበ። ከጎኑ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ከኋላው የሰፈሩ አዋላጅ ተቀምጠዋል። እምቢ ቢል ጥርጣሬ ነው፤ እውነቱን ቢያነብ ደግሞ የባሰ። ድምፁን አሳመረ።

«‹የውሃ ቆጣሪው በሁለቱ እህትማማቾች ስም እንዲዞር ተስማምቻለሁ።›»

«ይድገሙልኝ፣ ጎረቤት ይስማ።»

ደገመው። እንዲያውም የቆጣሪ ቁጥር ጨመረበት።

«አሁን ደግሞ አንቺ» አለች፣ ወረቀቱን ከእጁ መንትፋ ለተቀባይዋ እየሰጠች።

ተቀባይዋ ቃል በቃል አነበበችው። አዋላጇ ተቀብላ አየችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጋሼ ዞረ።

«ጋሼ፣ የኔን ማመልከቻስ ምን ብለው ነው የጻፉት? ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል!»

ጋሼን ላብ አጠመቀው። «ይሄን ነገር በቤተሰብ እንጨርሰው።»

«በቤተሰብማ ጀመርከው» አለችው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንቱ ያለችው ሰው ነው።

እህቷ ክንዷን ያዘች። «በእናታችን ይዤሻለሁ! ትዳሬን አታፍርሺብኝ።»

«በእናታችን አትበይኝ፤ የተሰረቀው የእሷ ክፍል ነው። አንቺ ባልሽን ያዢ፣ እኔ ክፍሌን እይዛለሁ።» ወደ እንግዶቹ ዞረች። «አሥራ አንዳችሁም ምስክሮቼ ናችሁ። ቅር ያለው አሁኑኑ ይውጣ።»

ማንም አልተነሳም። ፊልሙ ጀምሯል፤ የሚያነበው ግን አልነበረም።

ከአራት ወር በኋላ ወረቀቱ በፍርድ ፈረሰ። አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ በውሸት ሲያነብ አሥራ አንድ ሰው ሰምቶታልና የሚያመልጥበት ቀዳዳ አጣ። እህቷ እስካሁን ሰላም አትላትም፤ ይኼ ሆዷን ይበላታል። ሽማግሌዎች «ይቅር በይው» ሲሏት ግን «ይቅርታማ ለጠየቀ ነው» ብላ በሩን ትከፍትላቸዋለች፣ እንዲወጡ።

ማመልከቻ ፈላጊ ሁሉ አሁን ጋሼን አልፎ፣ ማዶ ከተቀመጠችው ጸሐፊ ዘንድ ይሰለፋል። ወደ ልብስ ንጽህና ቤቱ የሚያቋርጥ አጭር መንገድ አለ። ልብስ ተኳሿ ግን ጠዋት ጠዋት በፍርድ ቤቱ በር ዞራ ነው የምትሄደው። የጋሼ ጠረጴዛ ፊት፣ ደንበኛ ያልተቀመጠበት ወንበር አጠገብ ትቆማለች።

«ደህና አደርክ? ሥራ እንዴት ይዞሃል?»

እስኪመልስላት ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አትልም።