ለሰላም ተብሎ የታመነ ጥፋት

ጀማሉዲን በቦንጋ ከተማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። የፍቃዱን ክንድ ሰብረሃል ተብሎ ተከሰሰ። እሱ ግን ፍቃዱ ሰክሮ ከሱቁ ደረጃ ሲወድቅ ያነሳው ሰው ነው። ፍቃዱ ምንም አያስታውስም።

ፍርድ ቤቱ በነፃ ጠበቃ ሲያቆምለት ተቆጣ። «ጠበቃ ለአጥፊ ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ?»

ጠበቃዋ ህይወት ታገሠችው። «ክስ ፍርድ አይደለም፤ ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው። ምስክሩ ማን ነው?»

ምስክሩ ጋሽ ፈለቀ ነበሩ። ጀማሉዲን ሚስቱን ራሕመትን ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት፣ የሱቅ ጎረቤቱ። ፍቃዱ የእህታቸው ልጅ ነው። ከክሱ በፊት ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ «ጥፋቱ የማንም ይሁን፤ አንተ ብቻ በድያለሁ በል፣ እርቅ እንዲህ ነው» ያሉት እሳቸው ናቸው። ጀማሉዲንም ለሰላም ሲል «በድያለሁ» አለ።

በችሎቱ ቀን ጋሽ ፈለቀ ማሉና፣ «በገዛ አፉ አምኗል» አሉ። ወደ ጀማሉዲን አላዩም።

ህይወት ተነሣች። «በድያለሁ በል ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። የሽምግልና ደንብ ነው።»

«ክንዱ ሲሰበርስ አይተዋል?»

«ኧረ እኔ ያን ቀን ዋጫ ከተማ ነበርኩ!»

ሌላ ምስክር አልነበረም፤ ጀማሉዲን በነፃ ተሰናበተ።

ግቢው ውስጥ ጋሽ ፈለቀ ደረሱበት። «ይኸው ተለቀቅህ! በል ቂም አትያዝ፤ ሽማግሌ ልላክ?»

«ይላኩ፣ ጋሼ። እኔም ጠበቃዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ጋሽ ፈለቀ ከት ብለው ሳቁ። ጀማሉዲን አልሳቀም።