የበሩ ብረት

ሽማግሌው ጩማ የአውቶቡሱን የበር ብረት ይዘው እግራቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ ሰው ገፍቶ የጣላቸው ይመስል ወደ ኋላ ተስፈንጥረው ጭቃው ላይ ወደቁ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ።

"አባባ ጩማ፣ መርፌውን ገና ሳያዩት?" አለች አንዷ በወላይትኛ።

የአውቶቡስ ክሊኒኩ ድሬሰር ብርነሽ አልሳቀችም። ከአውቶቡሱ ውስጥ ሆና የሽማግሌውን እጅ ነበር የምታየው። ጣቶቻቸው ተኮማትረው አልዘረጋ ብለዋል። ጠዋት እሷን የነዘራት ነገር ትዝ አላት።

ጠዋት ከሶዶ ተነስተው ተበላ ከተማ እንደደረሱ ጫማዋን አውልቃ ደረጃውን ስታጥብ፣ ያው ብረት ጣቷን ነዝሯት ነበር። ጄኔሬተሩን ያስነሳውን ታላቅ ወንድሟን ሀብተየስን ጠርታ ነገረችው። እሱም መጥቶ ብረቱን ጨበጠ፤ ደግሞ ጨበጠ።

"የታለ? ይኸው ይዤዋለሁ።"

"ነዝሮኛል፣ ጋሼ።"

"የውሃው ብርድ ነው የነዘረሽ። ነገ የአዲስ አበባዎቹ እንግዶች ሲመጡ እንዲህ እንዳትዪ ብቻ።"

ብርነሽ አንዴ የተናገረችውን መድገም አትችልበትም።

አውቶቡሱ አሮጌ የሕዝብ ማመላለሻ ነበር። ወንበሮቹ ተነቅለው ክሊኒክ ከሆነ ወዲህ በሁምቦ ቆላ ሙቀት ሕመምተኛው ውስጡ ራሱን እየሳተ ይወድቅ ነበር። ሀብተየስ ከአንድ መኖሪያ ቤት መስኮት የወጣ የአየር ማቀዝቀዣ አገኘና የኋላውን መስኮት ቆርጦ ገጠመው። ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ በየደረሱበት አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዛሬም ያለው ከአውቶቡሱ አጠገብ ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ነው። ነገ ሥራውን ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ከወደዱት እንደዚህ የሚሠራቸው ሌሎች ሁለት አውቶቡሶች ይሰጡታል። የሶዶ ጋራዦች ሁሉ ይህን ሰምተዋል።

አሁን ሀብተየስ ቤንዚን ሊገዛ ገበያ ሄዷል። ዝናቡ አባርቷል፤ መሬቱ ግን እንደራሰ ነው።

ትርፌ የምትባል ወጣት እናት ከሰልፉ ወጥታ በሩ ሥር ቆመች። በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ሰጥማ፣ በትኩሳት የሚነድ ሕፃኗን በአንድ እጇ አቅፋ ወደ ላይ ዘረጋችው።

"ያዥልኝ፣ እህቴ፣ እስክወጣ።"

ብርነሽ እጇን መዘርጋት ጀመረችና አቆመች። የቆመችበት ወለል ቆርቆሮ ነው፤ ውሃም አለበት። "ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው አትንኪ፤ በእሱ በኩል ወዳንቺ ይመጣል፤ ባንቺም በኩል ወደ ሌላው" ይላት ነበር ወንድሟ። ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

የትርፌ ፊት ተለወጠ።

"ተጸየፍሽው?" አለች ቀስ ብላ።

"አይደለም። ብረቱን እንዳትነኪ። ወደ ኋላ ሂጂ።"

የጄኔሬተሩ ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው። ትርፌ ሕፃኑን ወደ ደረቷ መልሳ በነፃ እጇ ወደ በሩ ብረት ተንጠራራች።

ብርነሽ በር ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ ያዘች። አንድ እግሯ ቆርቆሮው ላይ ሌላው ጭቃው ላይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ያልፋል። ሁለቱን እግሮቿን ገጥማ፣ ምንም ሳትነካ ዘለለች። ከትርፌ ጋር ተጋጭተው አብረው ወደቁ፤ ሕፃኑ ከእናቱ ደረት ላይ ሆኖ አለቀሰ። በማልቀሱ ደስ አላት።

"ማንም እንዳይነካ" አለች በወላይትኛ፣ በሕይወቷ ጮኻ በማታውቀው ድምፅ። ወደ ሾላው ሮጠች። ጄኔሬተሩንም በእጇ መንካት ፈራች። በመጥረጊያው የእንጨት እጀታ ማጥፊያውን ገፋችው፤ ሳተች፤ እንደገና ገፋችው። ጸጥ አለ።

ጩማ መዳፋቸውን እፍ እፍ እያሉ ተቀምጠዋል።

"እኔ ስወድቅ ሳቃችሁ" አሏቸው ሴቶቹን፤ "ድሬሰሯ ስትወድቅ ግን አፋችሁን ዘጋችሁ።"

ሀብተየስ ጀሪካኑን ይዞ ሲመለስ ሴቶቹ ከአውቶቡሱ ርቀው ቆመው ነበር። ብርነሽ ነገረችው። እሱም ወደ አውቶቡሱ ኋላ ዞሮ ማቀዝቀዣውን ሳበ። የሽቦው ጎማ በቆርቆሮው ጠርዝ ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል።

"ቤት ውስጥ ቢሆን መቶ ዓመት አይነካም ነበር" አለ ፊቱን ሳያዞር። "ቤት አይንቀጠቀጥም።"

ሽቦውን በፕላስተር ደጋግሞ ጠቀለለ። ከዚያ ጄኔሬተሩን አስነሳና የበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ይኸው። አሁን አስገቢያቸው።"

ብርነሽ ጫማውን አየች። ወፍራም የጎማ ሶል አለው። የሶዶ ሰዎች አውቶቡሱን ሲሠሩም ሲሞክሩም ሁሉም ጫማ አድርገው ነበር። የሰልፉን እግሮች አየች፤ አንድም ጫማ የለም።

"ጋሼ፣ ጫማህን አውልቀህ ንካው።"

"ብሬ፣ ሰው ፊት?"

"አውልቀህ ንካው።" ደገመችው።

ሀብተየስ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ጫማ ማሰሪያ ፈታ። ጭቃውን አየ። ብረቱን አየ። ጣቶቹ ማሰሪያው ላይ ቀሩ።

ብርነሽ ሁለተኛውን እስኪፈታ አልጠበቀችም። ሄዳ ጄኔሬተሩን በመጥረጊያው እጀታ አጠፋች። ወደ አውቶቡሱ ተመልሳ የመድኃኒቱን ጠረጴዛ ወደ በሩ መጎተት ጀመረች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ሀብተየስ።

"ሾላው ሥር እንሠራለን። ነገም እንደዚሁ።"

"ነገ እንግዶች አሉ።"

"አውቃለሁ። በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ሀብተየስ መጥቶ የጠረጴዛውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። የተፈታው ማሰሪያ ጭቃው ላይ እየተጎተተ፣ ትርፌ ሕፃኗን አቅፋ ወደምትጠብቅበት ወደ ሾላው ተሸክመውት ሄዱ።